ለእኔም ለሞተሯም ማህተም፦ ከዳ ናንግ ወደ ላኦስ

ቬትናም የጀርመን ፓስፖርት የያዘን ሰው ያለ ቪዛ 45 ቀን ታስተናግዳለች። ከዚያ በላይ መቆየት የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአገር ወጥቶ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የ90 ቀን ቪዛ ይዞ ይመለሳል። ሁለቱም ደንቦች ሥራ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2023 ነው፤ ቪዛው ለሁሉም አገር ዜጎች ክፍት በመሆኑ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘም ማመልከት ይችላል። እኔም ከፍራንክፈርት መጥቼ በቬትናሟ ዳ ናንግ ከተማ ቤት ስከራይ ሐሳቤ ከመነሻው ይኸው ነበር፤ 45ቱን ቀን ተቀምጦ፣ ወደ ላኦስ ወጣ ብሎ፣ በአዲስ ቪዛ መመለስ።

ይህን ጉዞ የሚያዘጋጁ ደላሎች በከተማው ሞልተዋል። ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ያሳፍሯችኋል፣ ላኦ ባኦ ከሚባለው ድንበር ያደርሷችኋል፣ ፓስፖርታችሁን በሁለቱም በኩል ካስመቱ በኋላ ማታ ቤታችሁ ይመልሷችኋል። ቀኑን ሙሉ የምታዩት የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ነው። እኔ ግን ከአገር ሲወጣ ከነበረ ተጓዥ የገዛኋት ባለ 110 ሲሲ ሆንዳ ዌቭ በር ላይ ቆማ ነበር። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት፣ «አንተ ልጅ፣ ማህተም ለማስመታት ነው ይህን ሁሉ መንገድ በሞተር የምትሄደው? አውቶቡስ የለም እንዴ?» አለችኝ። አለ፤ እሱን ላለመሳፈር ነው እንጂ።

በሞተር መሄድ ከስሜት ባለፈ ምክንያትም ነበረው። የቬትናም የኢንተርኔት ቪዛ ከአገሩ ውጪ ላለ ሰው የሚሰጥ ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት ሦስት የሥራ ቀን ይወስዳል። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም፤ የበዓል ቀናትም እንዲሁ። ሚኒባሱን የሚመርጡ ሰዎች ይህን ጥበቃ ለማሳጠር ለደላላ ተጨማሪ ይከፍላሉ። ሞተር ያለው ሰው ግን ጥበቃው ራሱ ሽርሽር ይሆንለታል። ላኦስ ገብቶ፣ ማመልከቻውን ልኮ፣ መልሱ እስኪመጣ ሜኮንግ ወንዝ ዳር መቀመጥ ይችላል።

ድንበር ላይ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር መንገደኞቹ ሁለት መሆናቸው ነው። እኔ ለኢሚግሬሽን እቀርባለሁ፣ ሞተሯ ለጉምሩክ። የእኔ ወረቀት የተሟላ ስለሆነ የእሷም ያልፋል ማለት አይደለም። ቬትናም ውስጥ የሚሸጡ ያገለገሉ ሞተሮች ሊብሬያቸው አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን እንኳ ሰምታችሁ በማታውቁት የመጀመሪያ ባለቤት ስም እንደተመዘገበ ነው። ይህ በአገር ውስጥ ብዙም አያስጨንቅም። ጉምሩክ ፊት ግን ዋናው ሊብሬ፣ ማለትም ተጓዦች ሰማያዊ ካርድ የሚሏት ትንሿ ካርድ፣ ከሌለ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ፎቶ ኮፒ ዋጋ የለውም። የሚከራዩ ሰዎችም ዋናውን ሊብሬ ከአከራዩ በእጃቸው ሳይቀበሉ መነሳት የለባቸውም። ብዙ አከራዮች ኮፒውን ብቻ ነው የሚሰጡት፣ ከአገር እንዲወጣ የሚፈቅዱትም ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ ልብ በሉ። ቬትናም የምትቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የወጣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው። የጀርመኑ በዚያ ስምምነት የሚወጣ ስለሆነና የሞተር ምድብ ስላለኝ እኔ አልተቸገርኩም። አሜሪካ የምትሰጠው ግን በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት የወጣ በመሆኑ ቬትናም ውስጥ አይሠራም። መንገድ ላይ ፖሊስ ላያስቆማችሁ ይችላል። አደጋ ከደረሰ ግን የጉዞ ዋስትና ድርጅት መጀመሪያ የሚጠይቀው መንጃ ፈቃድ ነው፤ እሱ ከሌለ የሆስፒታሉ ሒሳብ በእናንተ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የአሜሪካ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ሚኒባሱን ቢሳፈር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሚኒባሱን ስላማሁት ይቅርታ።

መንገዱ ከዳ ናንግ ሲወጣ ወዲያው የሃይ ቫን ተራራን ይወጣል። ከሥሩ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ ዋሻ አለ፤ በውስጡ ሞተር መንዳት ስለማይፈቀድ አብዛኛው መኪናና ከባድ ጭነት በዋሻው ያልፋል፣ ጥምዝምዙ ተራራ ደግሞ ለሞተረኛ ይተርፋል። በግራ ጫካ፣ በቀኝ ባሕር። ሁዌን አልፎ ዶንግ ሃ ሲደርሱ ወደ ምዕራብ ታጥፎ 9 ቁጥር አውራ ጎዳናን መያዝ ነው፤ ከዚያ እስከ ድንበሩ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

ድንበሩ ከመድረሱ በፊት ኬ ሳን የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ወታደሮች ለ77 ቀናት የተከበቡባት ቦታ ናት፤ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በዙሪያው የሚታየው ሁሉ ቡና ነው። ቬትናም በብዛት የምታመርተው ሮቡስታ ቢሆንም፣ የኬ ሳን ከፍታ ለአረቢካ ስለሚስማማ የተተከለው የእኛው አገር ዘር ነው። መንገድ ዳር አንዲት ሴትዮ በትንሽዬ ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድ ቡና ሰጡኝ፤ ጣፋጭ ወተት ሊጨምሩበት ሲሉ በእጄ ከለከልኳቸው። አረቢካን በወተት መቅበር እኛ ዘንድ ነውር ነው ብዬ ላስረዳቸው ብሞክርም ቋንቋው አልበቃኝም።

ከኬ ሳን ወደ ላኦ ባኦ ሩቅ አይደለም። የዚያን ዕለት እዚያው አደርኩ። ድንበር የሚሻገሩት ጠዋት ነው፤ አንድ ወረቀት ቢጎድል ለማስተካከል ቀኑ ከፊታችሁ ይሆናል፣ ያዘገያችሁ ሰው ራሱ ማታ ቤቱ ለመሄድ አይቸኩልም። የ45 ቀን ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ መነሳትም የግድ ነው። የመቆያ ጊዜያችሁ ነገ የሚያበቃ ሆኖ ሞተሯ ብትከለከል ለመከራከር ጊዜ የለም።

ሞተሯ ልትከለከል ትችላለችና። የውጭ አገር ሰው በቬትናም ሰሌዳ ወደ ላኦስ መሻገር በአንዱ በር የሚፈቀድ፣ በሌላው የማይፈቀድ፣ በአንዱ ወር የሚቻል፣ በሌላው የማይቻል ነገር ነው። ስለዚህ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ የሄድኩት ወደ ጉምሩኩ መስኮት ነበር። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፤ ፓስፖርቱ የመውጫ ማህተም ከተመታበት በኋላ ሞተሯ አታልፍም ቢባል፣ እናንተ ከአገር ወጥታችኋል፣ እሷ ደግሞ አልወጣችም። እኔ ባይፈቅዱልኝ ያደርኩበት ማረፊያ ግቢ ውስጥ አቁሜያት ሜኮንግ ዳር ወዳለችው የላኦስ ከተማ ሳቫናኬት በአውቶቡስ ለመቀጠል ከባለቤቲቱ ጋር ማታውኑ ተነጋግሬ ጨርሼ ነበር።

የጉምሩኩ ሠራተኛ ወጣት ነው። ሊብሬዋን ተቀብሎ ወደ ውጭ ወጣና ሞተሯ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የሞተር ቁጥሩ ከእግር መርገጫው በላይ ጭቃ ተጋግሮበት ነበር፤ በአውራ ጣቱ ፈተግ ፈተግ አድርጎ አንዱን አሃዝ ካየ በኋላ ጣቱን ዘርግቶ ወደ እኔ ቀና አለ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ጨርቅ ሰጠሁት። ጠርጎ አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር አመሳከረና የሻሲ ቁጥሩንም ፈለገ። ሁለቱ ቁጥሮች የት እንዳሉ ቀድሞ አውቆ፣ አጽድቶና በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድ ብዙ ደቂቃ ያተርፋል፤ ጨርቅ መያዝም እንዲሁ። ከዚያ ለጊዜው ከአገር መውጣቷን የሚገልጽ ቅጽ ተሞላ፣ ማህተም ተመታ። ያቺን ወረቀት እንደ ፓስፖርት ያዟት። ስትመለሱ ሞተሯ የምትገባው በእሷ ነው፤ በዚህም ምክንያት መመለሻችሁ በወጣችሁበት በር ቢሆን ይመረጣል።

ላኦስ በኩል ዳንሳቫን ይባላል። ቪዛው እዚያው መስኮት ላይ ይሰጣል፤ 30 ቀን ነው። ዋጋው እንደ ፓስፖርቱ ይለያያል፣ አንድ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ዶላሩ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት መሆን አለበት። ይህን ቪዛ ድንበር ላይ የሚያገኘው ግን ሁሉም ፓስፖርት ስላልሆነ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሳቱ በፊት የላኦስን ኤምባሲ ይጠይቅ። ለሞተሯ ጊዜያዊ የማስገቢያ ወረቀት ወሰድኩ፣ የሦስተኛ ወገን መድንም ገዛሁ። መድኑን ማንም አላስገደደኝም፤ ነገር ግን የቬትናሙ ከድንበሩ ወዲህ አይሠራም።

ከድንበሩ እስከ ሳቫናኬት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቬትናም በኩል ከነበረው ግርግር በኋላ መንገዱ ባዶ ይመስላል፤ ላሞች፣ ፍየሎች፣ አልፎ አልፎም መንገዱን ሞልቶ የሚመጣ ከባድ መኪና። በላኦስ ገጠር ማታ መንዳት አይመከርም፤ ላም መብራት የላትም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ከአስፋልቱ አትውጡ። ይህ መንገድ የሚያቋርጠው የሆ ቺ ሚን መስመር የሚባለውን፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሰሜን ቬትናም ወታደርና መሣሪያ ወደ ደቡብ ያሳለፈችበትን መንገድ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ላኦስ ላይ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥላለች፤ ክላስተር ከሚባሉት ቦምቦች ከተበተኑት ትናንሽ ቦምቦች ውስጥ እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት ሳይፈነዱ መሬት ውስጥ ቀርተዋል፣ ዛሬም ገበሬና ሕፃን ይገድላሉ። ባን ዶንግ በምትባለው መንደር በ1971ዱ ዘመቻ የተቃጠሉ ታንኮችን የሚያሳይ ሙዚየም አለ፤ ከዚያ ባሻገር የቦምብ ቀፎ የአጥር ምሰሶ ሆኖ ታያላችሁ። ሽንት ቢመጣባችሁ እንኳ ወደ ቁጥቋጦ ጠልቆ መግባት የለም፤ ነዳጅ ማደያ ወይም ምግብ ቤት እስኪገኝ መታገሥ ነው።

ሳቫናኬት እንደደረስኩ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ማመልከቻውን መላክ ነበር። ነጠላ መግቢያው 25 ዶላር፣ ተደጋጋሚው 50 ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ገጽ ካያችሁ የደላላ ነው፣ የመንግሥቱ አድራሻ በ«ጎቭ ነጥብ ቪኤን» ያልቃል። ቅጹ የምትገቡበትን በር ያስመርጣል፤ ከዝርዝሩ ላኦ ባኦን መረጥኩ። የእኛ ሰው የሚቸገረው ስም ላይ ነው። ቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ የአባት ይጻፍ ወይስ የአያት እያሉ ከመጨነቅ፣ የፓስፖርቱን ፎቶ ያለበትን ገጽ ግርጌ ተመልከቱ። በማሽን የሚነበቡት ሁለት መስመሮች ስሙን እንዴት እንደከፈሉት አይቶ፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ እንደዚያው መሙላት ነው። ድንበር ላይ ያለው ሰው የሚያመሳክረው እነሱን ነውና።

ከዚያ በኋላ ጥበቃ ብቻ ነበር። ሳቫናኬት ፈረንሳዮች የሠሯቸው ያረጁ ቤቶች ያሏት ዝግ ያለች ከተማ ናት፤ ከሜኮንግ ማዶ የታይላንዷ ሙክዳሃን መብራት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1936 በአካባቢው መገኘት የጀመሩ የዳይኖሰር አጥንቶች የተቀመጡበት ትንሽ ሙዚየምም አላት። ምሽት ወንዙ ዳር የሚቀርበው ሩዝ የሚያጣብቅ ዓይነት ነው፤ ከቀርከሃ መሶብ በጣት ቆረስ አድርጎ፣ ድቡልቡል ሠርቶ ወጡን መጥቀስ ነው። ላፕ የሚሉት የተከተፈ ሥጋ ጥሬውን ሲቀርብ ክትፎ ነው ማለት ይቻላል፣ ቅቤው በሎሚና በናና ተተክቶ። በእጄ ስበላ ያዩ አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ማንኪያ ያመጡልኝ ዘንድ አላዘዙም፤ ሩዝ ጨመሩልኝ።

ቪዛው እንደ ወጣ ሁለት ቅጂ አሳትሜ ተነሳሁ። ስልክ ላይ ያለው በቂ ነው የሚሉ አሉ፤ ባትሪ ያለቀበት ሰው ግን እንደዚያ አይልም። ባይወጣልኝ ኖሮ የጀርመን ፓስፖርት እንደገና ለ45 ቀን ያስገባኛል፤ በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ሠላሳ ቀን መቆየት አለበት የሚለው የድሮ ደንብ ቀርቷል። ይህ አማራጭ የሌለው ሰው ግን ላኦስ ውስጥ ለሚቆይበት ተጨማሪ ገንዘብ ይያዝ።

ላኦ ባኦ ላይ ማህተሙን ከመስኮቱ ሳልርቅ አነበብኩት፤ የሚያበቃበት ቀን ከቪዛው ጋር ይስማማ እንደሆነ ማየት ያለባችሁ እዚያው ቆማችሁ ነው። ሞተሯም ወረቀቷን አስረክባ ገባች።

በሚቀጥለው የ50 ዶላሩን ተደጋጋሚ መግቢያ እወስዳለሁ። የ90 ቀኑን ዕድሜ አይጨምርም፣ ነገር ግን መሐል ላይ ያለ ጥበቃ መውጣትና መግባት ያስችላል። ያኔ ሐሳቤ ወደ ደቡብ ወርጄ ቦ ዪ በሚባለው የድንበር በር ወደ ላኦሷ አታፑ መግባትና የቦላቨን አምባን መዞር ነው። የላኦስ ቡና በብዛት የሚበቅለው እዚያ ነው፤ በቦ ዪ ሞተር ያሳልፋሉ ወይ የሚለውን አስቀድሜ በመጠየቅ ላይ ነኝ።