ላፕቶፕ ከሌለህ አትንካው

የዕቃ ቆጠራ ዋዜማ ነው። አዲሱ የቆጠራ አፕ ባርኮድ ማንበቢያዎቹ ላይ ካልተጫነ ጠዋት ሥራ የለም። ላፕቶፑ ያለበት ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ስልኩን ዘግቷል። እኔን ይሄ ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ማንበቢያዎቹ አንድሮይድ 11 ናቸው፣ ፋይሉም ስልኬ ላይ አለ። ያስጨነቀኝ አለቃዬን ሳላስፈቅድ መንካት አለመቻሌ ነው።

ደወልኩ።

«ላፕቶፕ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ተወው። አትንካው።»

«ኤፒኬው፣ የአፑ መጫኛ ፋይል፣ እኮ አለኝ። ከስልኬ ልኬ እዚያው ማንበቢያው ላይ እከፍተዋለሁ።»

«የዩኤስቢ ሾፌሩንስ የት ላይ ልትጭነው ነው?»

ዝም አልኩ። ሾፌሩ የሚያስፈልገው እኮ ኮምፒውተሩ ማንበቢያውን እንዲያውቀው ነው። ኮምፒውተር ከሌለ ማን ማንን እንዲያውቅ ነው የምጭነው? አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እስካሁን ማታ ማታ ትዝ ሲለኝ መልሱን አሳምሬ እመልስላቸዋለሁ።

እሳቸው የዊንዶውስ ሞባይል ዘመን ሰው ናቸው። ያኔ መሣሪያው ማቀፊያው ላይ ይቀመጥና አክቲቭሲንክ የሚባለው የኮምፒውተሩ ማገናኛ ፕሮግራም እስኪያገኘው ተጠብቆ ነበር ነገር የሚጫነው። ይገባኛል። ግን ያኔም ቢሆን ካብ የሚባለውን የመጫኛ ፋይል ኤስዲ ካርድ ላይ ገልብጦ እዚያው መሣሪያው ላይ መክፈት ይቻል ነበር። ፓልም የሚባለውን የኪስ ኮምፒውተር የያዘ ሰው እንኳ ፕሮግራም በኢንፍራሬድ ለጓደኛው ያሻግር ነበር። አይፎንም ቢሆን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ኮምፒውተር አምጡ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ2011 በአይኦኤስ 5 ትቶታል።

«እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሥራዬን ጀመርኩ።

ፋይሉን ወደ ማንበቢያው ላኩት። ከፈትኩት። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ያልታወቀ ምንጭ (ከአፕ መደብር ውጭ የመጣ ፋይል መጫን) የሚፈቀደው ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻ ስለሆነ ለፋይል ማኔጀሩ ፈቀድኩለት። ጫን አልኩት። «ካለው ፓኬጅ ጋር ስለሚጋጭ አፑ አልተጫነም» አለኝ። በምን ተጋጨ? አይናገርም። አንድሮይድ ሲከለክል እንደ አለቃዬ ነው፤ ምክንያቱን በቅጡ አይነግርም።

ምክንያቱን የሚያወጣው ኤዲቢ ነው፤ የአንድሮይድ መሣሪያን ከሌላ መሣሪያ ሆኖ በትእዛዝ ማዘዣ ፕሮግራም። ኤዲቢ ደግሞ የግድ ላፕቶፕ አይፈልግም፤ ተርመክስ የሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ አፕ ያለው ስልክ ይበቃዋል። የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ ማንበቢያውን አገናኘሁት። ቢልድ ነምበሩን ሰባት ጊዜ ነክቼ የዴቨሎፐር ሜኑውን አወጣሁና ኤዲቢ በዋይፋይ እንዲገባ የሚፈቅደውን ገመድ አልባ ዲበጊንግ ከፈትኩ። ባለስድስት አሃዙን ኮድ አስገብቼ አጣመርኳቸው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፦ ማጣመሪያው ላይ የሚታየው የፖርት (የግንኙነት በር) ቁጥርና ከዚያ በኋላ የምትገናኝበት ፖርት አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ለመገናኘት የሚታገል ሰው ሲነጋም እዚያው ነው።

ተገናኘ። ጫን ስለው በግልጽ ነገረኝ፤ የፊርማ፣ አፑን ማን እንደሠራው የሚያረጋግጠው ዲጂታል ማኅተም፣ አለመመሳሰል ነው። ለካ አሮጌው አፕ በሙከራ ቁልፍ የተፈረመ ነው፣ አዲሱ ደግሞ በዋናው። እንዲህ ሲሆን ላዩ ላይ አይጫንም። አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነው፣ አሮጌው ሲጠፋ ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ዳታውን አስቀርቶ አፑን ብቻ ማጥፋት የሚል አማራጭ አለ፤ ግን የድሮው ፊርማ ስለማይለቅ አዲሱን ያው ይመልሰዋል።

ውስጡ ያለውን አየሁ። ወደ ሰርቨር ያልተላከ የናሙና ቆጠራ ተኝቷል። በየማንበቢያው አሮጌውን አፕ ከፍቼ፣ ሁሉን ልኬ፣ መድረሱን አረጋግጬ ከዚያ አጠፋሁት። አሮጌው ከጠፋ በኋላ ኤዲቢም አላስፈለገ፤ ፋይሉን መንካት ብቻ ነው። ጠዋት ቆጠራው በሰዓቱ ተጀመረ።

አለቃዬ መጡ። ማንበቢያውን አገላብጠው አዩት።

«በምን ጫንከው?»

«በስልኬ።»

ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ስለ ፊርማውና ስላልተላከው ዳታ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ይኸው! አትንካው ያልኩህ እኮ ለዚህ ነው። ዳታ ቢጠፋ ማን ይጠየቅ ነበር?»

እዚህ ላይ ነው የምቃጠለው። ስለ ዳታ ትንፍሽ አላሉም፤ ያወሩት ስለ ሾፌር ነው። ግን የማይካድ ነገር አለ። እሳቸው እንደ ፈሩት ነገሩ አደጋ ነበረው፣ አደጋው ግን እሳቸው ባዩበት በኩል አልነበረም። ደግሞ ላፕቶፕ ቢኖርና በለመዱት መንገድ ቢሄዱ፣ እሳቸው ሁልጊዜ አሮጌውን አጥፍተው ነው የሚጀምሩት። ሾፌሩ ተጭኖ፣ ኬብሉ ተሰክቶ፣ ሁሉም በሥርዓቱ ሆኖ ያ ቆጠራ ድምጥማጡ ይጠፋ ነበር። ይህንንም አልነገርኳቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ለሁሉም ቅርንጫፍ መመሪያ ወጣ። «ያለ ኮምፒውተር አፕ የመጫን ሂደት» ይላል፣ ከሥሩ የእሳቸው ፊርማ አለ። ሆትስፖቱ አለ፣ ተርመክስ አለ፣ አስቀድሞ ዳታ መላኩም በደማቅ ተጽፏል። ፖርቶቹ ሁለት መሆናቸው ግን የለም። ከቅርንጫፍ እየደወሉ «አልገናኝ አለን» ሲሉኝ በስልክ እነግራቸዋለሁ። መመሪያው ላይ ይጨመር ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁትም።