የበግ መግፈፊያ ቢላ ስመርጥ
ለበዓሉ በግ መግፈፊያ የሚሆን ቢላ ፍለጋ ዛሬ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርጄ ነበር። የሚያብረቀርቁት ረጃጅም ካራዎች ዓይን ይስባሉ። ለማረድ ጥሩ ናቸው፤ ለመግፈፍ ግን አይመቹም። ጫፋቸው ሹል ስለሆነ እጅ ትንሽ ከሳተ ቆዳውን ይበሱታል፤ የተበሳ ቆዳ ደግሞ ፋብሪካ ሲደርስ ደረጃው ይወርዳል። ያን የመሰለ ቆዳ በአንድ ስህተት ሲበላሽ እንዴት ያንገበግባል!

የመረጥኩት ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ አጠር ያለና ስለቱ ወደ ጫፉ ጎበጥ ያለውን ነው። ታጥቦ ካልደረቀ ይዝጋል፤ ግን በመሳያ ድንጋይ ቶሎ ይሳላል። እጀታውን ደጋግሜ ጨበጥኩት፤ ስብ የነካው እጅ ይንሸራተታልና። ቢላው በዋናነት የሚያስፈልገው እግሩንና የሆዱን መስመር ለመክፈት ነው። ጎኑና ጀርባው በጡጫ ይላቀቃል፤ ለወንድሜ ልጅ በበዓሉ ጠዋት የማሳየው ይህንኑ ነው።