ሮዙን ተከተሉ፣ ቢጫውን እርሱት

ስኪ አልችልም፤ የመማር ፍላጎትም የለኝም። ባለፈው ጥር የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ስዊዘርላንድ፣ ግሪንደልቫልድ ሲሄዱ «እናንተ ተንሸራተቱ፣ እኔ በእግሬ እዞራለሁ» ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው። ግን ስለ መንገድ ምልክቶቹ ቀለም ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በረዶ ውስጥ እስከ ጭኔ ተቀርቅሬ አልቀርም ነበር።

ጉዞው ቀላል ነው። በባቡር እስከ ኢንተርላከን፣ ከዚያ በተራራው ባቡር ወደ መንደሩ፣ ከመንደሩ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄደው ጎንዶላ ፊርስት ወደሚባለው ከፍታ። ቲኬቱ ኪስ ያራግፋል። ጥቂት ቀን የምትቆዩ ከሆነ የግማሽ ዋጋ ካርዱ ያዋጣ እንደሆነ አስሉ። የስኪ ቲኬት እንዳትገዙ፤ ለእግረኛ የጎንዶላው ብቻ ይበቃል።

ከፍታው አያስፈራችሁ። ከፊርስት አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ የደረስኩበት ባኽአልፕዜ የተባለ ሐይቅ 2,265 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከዚያ ከፍ ብሎ ኳስ ሲጫወት ነው የኖረው። ሐይቁ ግን የለም! በፎቶ ላይ ተራሮቹን እንደ መስታወት የሚያሳየው ውሃ በጥር ነጭ ሜዳ ነው። ይህንንም የነገረኝ የለም።

ጉዱ የመጣው ስመለስ ነው።

ጠዋት የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ካርታ ሰጥታኝ «ቢጫውን ምልክት ይከተሉ፤ አይጠፉም» ብላኝ ነበር። ፈገግታዋ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያናድደኛል። ቢጫው ምልክት በረዶ በሌለበት ወቅት ለሚሄድ ሰው ነው። በብርዱ ጊዜ የሚያነሳው ስለሌለ እዚያው እንደቆመ ይከርማል። በረዶው ተጠቅጥቆ ለእግረኛ የተሰናዳው መንገድ ምልክቱ ሮዝ ነው። ሮዙንማ ከጠዋት ጀምሮ ሳየው ነበር። የስኪ መስመሮች ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር እየተባሉ ስለሚለዩ ሮዙም የእነሱ፣ ምናልባት የልጆች፣ መሰለኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ከበረዶው አናቱ ብቻ ብቅ ያለ ቢጫ ምልክት ወደ ታች ይጠቁማል። ታጠፍኩ። መጀመሪያ የሰው ዱካ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። በየእርምጃው መጀመሪያ እስከ ጉልበቴ፣ ከዚያ እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። አንዱን እግሬን ሳወጣ ሌላው ይገባል። ጓንቴ ራሰ። ግማሽ ሰዓት ታግዬ ዞር ብል ምልክቱ እዚያው አጠገቤ ነው። መመለስ ሲገባኝ እልህ ያዘኝና በቀኝ በኩል ወደሚታየኝ ልሙጥ ሜዳ ተንፏቅቄ ወጣሁ። ለካ የስኪ መስመር ነው። ሰው እንደ ጥይት በአጠገቤ ያልፋል።

ቀይ ጃኬት የለበሰ ጠባቂ መጣ። «ይህ ለእግረኛ አይደለም» አለኝ። በጣቴ ቢጫውን አሳየሁት። «እሱ በረዶ ለሌለበት ወቅት ነው። ሁሉም ያውቃል።»

ሁሉም! ሁሉም ካወቀ ምን ያደርጋል ታዲያ? ከረጢት እንኳ አያለብሱትም? በመስመሩ ጠርዝ ጠርዝ ይዞኝ ወጥቶ ሮዙ መንገድ ላይ አደረሰኝ። ከመጨረሻዎቹ ጎንዶላዎች በአንዱ ወረድኩ። የመጨረሻው የሚወርድበት ሰዓት ጣቢያው ላይ ተለጥፏል፤ ጠዋት ስትወጡ ፎቶ አንሱት።

ብሮሹሮቹ ጥሩ ጫማና ዱላ ይበቃል ይላሉ። አልስማማም። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም «በረዶ» እንላለን፤ እግር ግን ይለያቸዋል። ቀን ፀሐይ ያቀለጠው ሌሊት ይጋገርና ጠዋት መንገዱ ብርጭቆ ይሆናል። ጫማ ላይ የሚጠለቅ የብረት ጥርስ ግዙ። እኔ የገዛሁት በማግስቱ፣ ሁለቴ በቂጤ ከወደቅኩ በኋላ ነው። የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያውንም ማታ ማታ እዩ። በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። እኔ 3 ካየሁ ከመንደሩ አልርቅም። ጓደኞቼ ፈሪ ይሉኛል፤ ይበሉ።

የቀሩትን ሦስት ቀናት በሮዙ ሄድኩ። የአይገር ተራራ ፊት ለፊቴ፣ ከጫማዬ ድምፅ በቀር ዝም ያለ አገር። ጓደኞቼ ማታ ጉልበታቸውን ቅባት ሲያሹ እኔ ሾርባዬን እጠጣ ነበር።

ሆቴሉን ስለቅ ካርታውን መለስኩላት። አመስግና አጣጠፈችውና ለሚቀጥለው እንግዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።