አምስቱም ስፒከር ስለጮኸ 5.1 ነው ማለት አይደለም

5.1 ማለት አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የድምፅ መስመር፣ ማለትም ቻናል፣ ሲያገኙ ነው። አዳማ ውስጥ በብዙ ሳሎን የሚታየው ሆም ቴአትር አንድ ሰብዉፈርና አምስት ትንንሽ ስፒከሮች ያሉት፣ አምፕሊፋየሩም ሰብዉፈሩ ውስጥ የተገጠመለት ነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዘው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀጭን ገመድ፣ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኦክስ (የአምፕሊፋየሩ የድምፅ መግቢያ) ነው። በዚህ ገመድ ከሁለት ቻናል በላይ አያልፍም። አምፕሊፋየሩ ሁለቱን ለአምስቱ ያከፋፍላል፣ ሁሉም ይጮሃል፣ ከኋላ የሚሰማው ግን የፊተኛው ቅጂ ነው። ብሉቱዝም ያው ሁለት ቻናል ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ ድምፁ ከምስሉ ይዘገያል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ዓይነት ዕቃ ስድስቱን ቻናል ለየብቻ እንዲቀበል ማድረግ ነው።

ሥራው የሚጀምረው የአምፕሊፋየሩን ጀርባ በማየት ነው። ከኦክሱ ሌላ ስድስት አርሲኤ የሚባል ክብ መግቢያ ካለው (ሁለት ለፊት፣ ሁለት ለኋላ፣ አንድ ለመሃል፣ አንድ ለሰብዉፈር) ይሆናል። ቀይና ነጭ ብቻ ካለው ግን ምንም ዓይነት ገመድ ቢገዛ አይሆንም፤ ካርቶኑ ላይ 5.1 ተብሎ ቢጻፍም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ከማስጮህ በፊት ዕቃውን ማዞር ነው።

በዴስክቶፕ በኩል የሚያስፈልገው ከ3.5 ሚሊሜትር ወደ ሁለት አርሲኤ የሚሄድ ገመድ ነው፣ ሦስት ፍሬ። አረንጓዴው ቀዳዳ የፊት፣ ጥቁሩ የኋላ፣ ብርቱካናማው የመሃልና የሰብዉፈር ነው። ማዘርቦርዱ ሦስት ቀዳዳ ብቻ ካለው ሪልቴክ በሚባለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ 5.1 ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው የኋላ፣ የማይኩ ሮዝ ደግሞ የመሃልና የሰብዉፈር መውጫ ይሆናል። ላፕቶፕ ከሆነ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ 7.1 ተብለው የሚሸጡት አንድ የድምፅ መውጫ ብቻ ያላቸው ትንንሾቹ ዕውነተኛ ስድስት ቻናል አይሰጡም፤ በሶፍትዌር ያስመስላሉ። ቢያንስ ሦስት የድምፅ መውጫ ያለውን መፈለግ ነው።

ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ ከኮንትሮል ፓናል ሳውንድ፣ ፕሌይባክ፣ ከዚያ ኮንፊገር ተብሎ 5.1 ሰራውንድ ይመረጣል። ቴስት የሚለውን ተጭኖ እያንዳንዱን ስፒከር በየተራ ማዳመጥ ግድ ነው። የመሃሉ ተራ ሲደርስ ሰብዉፈሩ ቢያጉረመርም ሁለቱ ተለዋውጠዋል ማለት ነው፤ አርሲኤዎቹን ማቀያየር ይበቃል። ኮዲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ የቻናል ቁጥሩ 5.1 ሆኖ ፓስትሩ (የታመቀውን ድምፅ ሳይፈታ የሚልከው ማስተካከያ) መጥፋት አለበት፣ ምክንያቱም በአናሎግ ገመድ እንደ ዶልቢ ያለ የታመቀ የፊልም ድምፅ አያልፍም፤ መፍታት ያለበት ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ደግሞ ፊልሙ እየሄደ ከቱልስ ኮዴክ ኢንፎርሜሽን ሲከፈት የፋይሉ ቻናል ስንት እንደሆነ ይታያል። ስቴሪዮ (ሁለት ቻናል) ካለ የኋላዎቹ ዝም ማለታቸው ብልሽት አይደለም።

ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የአማርኛ ፊልሞች በአብዛኛው ስቴሪዮ ናቸው። እነሱን በአምስቱም የሚያሰራጨውን ስፒከር ፊል የሚባል ማስተካከያ እኔ አጠፋዋለሁ። ሴራሚክ ወለልና የብሎኬት ግድግዳ ባለበት ቤት ንግግር ከኋላም ሲመጣ ቃሉ ይደበዝዛል።

ኤችዲኤምአይ ያለው ትልቅ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ነገሩ ይቀላል፤ በአንድ ገመድ እስከ ስምንት ቻናል ሳይታመቅ ያልፋል። ገመዱ ግን ከኮምፒውተር ወደ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ወደ ቲቪ ይሂድ። ቲቪው መሃል ከገባ ብዙ ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሁለት ቻናል ብቻ እንደሚቀበል ይነግረዋል። አምፕሊፋየሩንም ከኮምፒውተሩ በፊት ማብራት ይሻላል፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ወደ ስቴሪዮ ሊመለስ ይችላል። ኦፕቲካል ገመድ ደግሞ ያልታመቀ ሁለት ቻናል ወይም የታመቀ ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ስለዚህ ለፊልም ይሆናል፣ ድምፁ ሳይታመቅ ለሚወጣው ጌም ግን በራሱ አይበቃም።

አቀማመጥ ላይ የፊቶቹ ሁለት ከመቀመጫው አንጻር ከመሃሉ 30 ዲግሪ ግራና ቀኝ፣ የኋላዎቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ማለትም ትንሽ ከጆሮ ኋላ፣ ከሶፋው ጎን፤ ሰው እንደሚያደርገው የሳሎኑ ጥግ ላይ አይደለም። ከዚያ ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭኖ፣ መቀመጫው ላይ ሆኖ የአምስቱን ደረጃ ማስተካከል ነው። የስልክ ቁጥር ትክክል ባይሆንም ለማነጻጸር ይበቃል። መሃሉን በ2 ወይም 3 ዲሲቤል ከፍ አደርጋለሁ፤ ንግግር ይጠራል።

ትልቁ ራስ ምታት ቤዝ ነው። 4 በ5 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ የድምፅ ፍጥነት 343 ሜትር በሰከንድ ለርዝመቱ እጥፍ ሲካፈል 34 ኸርዝ፣ ለወርዱ እጥፍ ሲካፈል 43 ኸርዝ ይወጣል። በእነዚህ ላይ ክፍሉ ራሱ ያስተጋባል፤ አንዱ ቦታ ደረት ይመታል፣ ሌላው ቦታ ምንም አይሰማም። መፍትሔው ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ቤዝ ያለው ሙዚቃ እየከፈቱ፣ በግድግዳው ዙሪያ ጎንበስ ብሎ መዞር ነው። ቤዙ እኩል የሚሰማበት ቦታ ላይ ሰብዉፈሩ ይቀመጣል። ለቀረው ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባል ድምፅ ማስተካከያ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ 43 ኸርዝ ላይ 6 ዲሲቤል መቀነስ፣ ኪው (የማስተካከያው ጥበት) 4፣ ጥሩ መነሻ ነው። ቤዙ የሚጠፋበትን ጉድጓድ ለመሙላት መጨመር ግን አይሠራም፤ ስፒከሩን ማድከም ብቻ ነው። የቺፑድ ኮርኒስም በቤዝ ይንጫጫል፤ ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ተቀደደ የሚባለው ከዚያ የሚመጣ ድምፅ ነው። በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ዝም ካለ ምስማር ነው የሚያስፈልገው።

ያለማቋረጥ እምም የሚል ድምፅ ካለ ብዙውን ጊዜ የ50 ኸርዝ ግራውንድ ሉፕ ነው፤ ማለትም ዕቃዎቹ በኧርዝ በኩል ከአንድ በላይ መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠር ድምፅ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር መንቀል፣ ቀጥሎ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ መንቀል፤ ድምፁ የጠፋበት ላይ ጥፋቱ አለ። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ካልፈታው በኦዲዮው ገመድ መሃል የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር። የኧርዙን እግር መቁረጥ ግን በፍጹም፤ ድምፁን ቢያጠፋውም ሰው ይገድላል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅሎ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ይሻላል፤ ስታቢላይዘሩም ቢሆን መዘግየት ያለው ይሁን። የአዳማ አቧራ የአምፕሊፋየሩን ማቀዝቀዣ ስለሚደፍን በየጥቂት ወሩ ከሶኬት ነቅሎ በብሩሽ ማጽዳት፣ ከላዩም ዳንቴል አለማልበስ።