በ50 ፓውንዱ ኖት ላይ የተጻፈውን የአለን ቱሪንግን ልደት ማንበብ

የሁለትዮሽ ቁጥርን (በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውን) ከመጽሐፍ ለመማር ብዙ ጊዜ ሞክሬ ስላልዘለቀኝ፣ ላለፉት አራት ሳምንታት መማሪያዬን የእንግሊዝ ባንክ የ50 ፓውንድ ኖት አድርጌዋለሁ። ኖቱ የሒሳብ ሊቁንና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሌችሊ ፓርክ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክቶች ከፈቱት አንዱ የሆነውን አለን ቱሪንግን የሚዘክር ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በልደቱ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2021 ነው።

በኖቱ ላይ ከሚታየው የወረቀት ጥብጣብ 1010111111110010110011000 የሚል ረድፍ ይነበባል፤ ይህም ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ተያይዘው የተጻፉበት 23061912 ነው (በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 1904)። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ቁጥር ለ2 እያካፈልሁ ቀሪውን መዘገብሁ፤ ይሁን እንጂ ቀሪዎቹን ባገኘሁበት ቅደም ተከተል ስለጻፍኋቸው ውጤቱ ከኖቱ ጋር አልገጠመም። የመጨረሻው ቀሪ የመጀመሪያው አሃዝ እንደሆነና ንባቡ ከታች ወደ ላይ እንደሚሄድ የገባኝ በሦስተኛው ሙከራ ሲሆን፣ 25ቱም አሃዞች ሲገጥሙ የተሰማኝ ደስታ ታላቅ ነበር። ለማረጋገጫ የሚረዳ ነገርም አገኘሁ፦ በቀኝ ጫፍ ያሉት ሦስት ዜሮዎች ቁጥሩ ለ8 እንደሚካፈል ይናገራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 912 ለ8 ስለሚካፈሉ ይህ ያለ ረጅም ስሌት ይታያል። በሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ማባዣ ዘዴ የሚባለው፣ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን እጥፍ የማድረግ ስልት፣ ጎዶሎና ተጋማሽ ቁጥርን የሚለይበት መንገድም ይኸው ለ2 አካፍሎ ቀሪውን ማየት ነው።

ከዚያ ጀርመኖች መልእክታቸውን በምስጢር ይጽፉበት ወደነበረው ማሽን፣ ወደ ኤኒግማ፣ ተሻገርሁ። ማሽኑ አንድን ፊደል በዚያው ፊደል መተካት ስለማይችል፣ በመልእክቱ ውስጥ ይኖራል ተብሎ የሚገመተውን ቃል ከጽሑፉ ሥር አስቀምጦ ወደ ጎን ማንሸራተትና ተመሳሳይ ፊደሎች የተገናኙበትን ቦታ መጣል ይቻላል። የኤኒግማን አሠራር በሚያስመስል ፕሮግራም ባዘጋጀሁት ባለ 40 ፊደል መልእክት፣ «የአየር ጠባይ ዘገባ» የሚል ትርጉም ያለውን ባለ 13 ፊደል የጀርመንኛ ቃል ስፈትሽ ከ28ቱ ቦታዎች የወደቁት 11ዱ ብቻ ነበሩ። በቀሩት ቦታዎች የማሽኑን አቀማመጦች ሁሉ በእጅ መሞከር እንደማይታሰብ ያስተዋልሁት ያኔ ነው፤ ቱሪንግ የነደፈው፣ የብሌችሊ ፓርክ ባልደረባው ጎርደን ዌልችማንም ያሻሻለው፣ ንድፉ በኖቱ ላይ የታተመው «ቦምብ» (Bombe) የተባለ ማሽን ያን ሸክም ተሸከመ። ከእነርሱ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በ1932 ኤኒግማን የሰበረው የፖላንዱ የሒሳብ ሊቅ ማሪያን ሬየቭስኪ መሆኑን አብሮ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል።

ባንኩ የሳይንቲስቶችን ስም ከሕዝብ ሲጠይቅ 227,299 ጥቆማዎች ቀርበው፣ ከ989 ሰዎች መካከል ቱሪንግ ተመርጧል። ይህን ክብር የሰጠችው አገር እ.ኤ.አ. በ1952 ከወንድ ጋር በነበረው ግንኙነት ፈርዳበት እስራትን ወይም የሆርሞን ሕክምናን እንዲመርጥ አስገድዳዋለች፤ እርሱም ሕክምናውን መረጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በ41 ዓመቱ ሞተ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ንግሥቲቱ ምሕረት ያደረጉለት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ኖቱ ከፊቱ ምስል ጋር ሥራውንም በሚነበብ መልኩ ማቅረቡን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ የደረሰበትን በደል ግን ከሌላ ቦታ ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን የቀረኝ ቱሪንግ ምናባዊ የስሌት ማሽን ከገለጸበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1936ቱ ጥናቱ ተወስዶ በኖቱ ላይ የታተመው ሠንጠረዥ ነው። በዚያው ጥናት የመጀመሪያ ምሳሌ የሆነችውን፣ 0 እና 1ን እያፈራረቀች የምትጽፈውን ባለ አራት ሁኔታ (አራት የአሠራር ደረጃዎች ያሏትን) ምናባዊ ማሽን በባለካሬ ደብተር ላይ ሠርቻታለሁ፤ ሠንጠረዡን ግን ገና መስመር በመስመር እየተከታተልሁት ነው።