የውሃ ተራ

ደቡብ ስፔን ውስጥ ፓምፓኔይራ የምትባል የተራራ መንደር ደርሰን ከአውቶቡስ ስንወርድ ቀድሞ የተቀበለን የውሃ ድምፅ ነው። የመንደሩ መንገድ በድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት ነው። መሐል ለመሐሉ ጠባብ ቦይ አለ፤ ውሃው በዚያ እየተቻኮለ ይወርዳል። ግራና ቀኙ በኖራ የነጣ ቤት ነው። እህቴ ሻንጣዋን አስቀምጣ እጇን ነከር አደረገችና "ኧረ ይቀዘቅዛል!" አለች። ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች አናት ቀልጦ የወረደ በረዶ ነው፣ እንዴት አይቀዝቅዝ።

እህቴ የምትኖረው ማላጋ ነው። እኔ ከብራስልስ ለእረፍት መጥቼ አንድ ሳምንት አብረን መንደር ለመንደር ዞርን። ሮንዳን አየን። በፈረንጆቹ 1793 ያለቀው ድልድይ መቶ ሜትር ከሚጠጋ ገደል ላይ ቆሞ የከተማዋን ሁለት ወገን ያገናኛል። ግራሳሌማ ዝናብ ይዞን ግማሽ ቀን ተጠልለን ዋልን፤ በስፔን ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። እዚያው ባለው የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ ፒንሳፖ የሚሉት ጥድ መሰል ዛፍ አለ። በተፈጥሮ የሚበቅለው እዚያው ደቡብ ስፔንና ከባሕሩ ማዶ በሰሜን ሞሮኮ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ደስ ይላል። ልቤ የቀረው ግን አልፑኻራ፣ ፓምፓኔይራ ያለችበት የሴራ ኔቫዳ ተዳፋት ነው።

ፓምፓኔይራ፣ ቡቢዮንና ካፒሌይራ አንድ ሸለቆ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተቀምጠዋል። ከበላያቸው ሙላሴን አለ፤ ከ3,470 ሜትር በላይ ነው፣ በዋናው የስፔን ምድር ከእሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። የቤቶቹ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። በእንጨት አግዳሚ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረደርና ላውና የሚባል ግራጫ አፈር ይደለደልበታል። አፈሩ ሲረጥብ ይጠብቃል፤ ውሃ አያሳልፍም። ሞሮኮ አትላስ ተራራ ላይ ያሉት መንደሮችም እንደዚህ ናቸው።

በማግስቱ ከካፒሌይራ በላይ ቦዩን ተከትለን በእግር ወጣን። አሴኪያ ይሉታል፤ ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ነው። አንድ አዛውንት ዶማቸውን ይዘው ቦዩ ዳር ቆመዋል። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩንና ጭቃውን ገፋ አደረጉት። ውሃው ታጠፈና እርከኑ ላይ ወዳለው ድንቻቸው ገባ። እህቴ ሰላም ብላ ስትጠይቃቸው "አሁን ተራው የእኔ ነው። ሁለት ሰዓት አለኝ፤ ከዚያ የጎረቤቴ ነው" አሏት። ቦዩን የሚጠብቅና ውሃውን የሚያከፋፍል ሰው እንዳላቸውም ነገሯት።

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። "የውሃ አባት!" አልኳት እህቴን። እሷም ገብቷታል። ሸዋ፣ አያታችን ቀዬ፣ ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው በተራ ይደርሳል። ተራ የሚያወጣው፣ ጠብ ሲነሳም የሚዳኘው የውሃ አባት ነው። አያቴ ሌሊት ተነስተው ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲወጡ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም ነበር።

ቦዮቹን የቆፈሩት የአንዳሉስ ዘመን፣ ማለትም ሙስሊሞች ይህን አገር በገዙበት ዘመን፣ የነበሩ ሙስሊሞች ናቸው። ሺህ ዓመት የሞላቸው አሉ። በ1492 ግራናዳ በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ስትወድቅ የመጨረሻው የሙስሊም ንጉሥ ቦአብዲል አልፑኻራ ርስት ሆኖ ተሰጠው፤ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ተሻግሮ ሞሮኮ ገባ። የቀረው ሕዝብ ተገዶ ተጠመቀ፤ ሞሪስኮ ተባለ። በ1567 ንጉሥ ፌሊፔ 2ኛ አረብኛቸውን፣ አለባበሳቸውን፣ መታጠቢያ ቤታቸውን ሳይቀር ከለከላቸው። በ1568 የገና ዋዜማ አመፁ። እስከ 1571 ተዋግተው ተሸነፉ። ከቀያቸው ነቅለው ወደ ሌሎች የስፔን አካባቢዎች በተኗቸው። ከ1609 ጀምሮ ደግሞ ጭራሹን ከስፔን አስወጧቸው። በባዶው መንደር ከሰሜን የመጡ ሰዎች ሰፈሩ። የአካባቢው ሰው ሲያወራ፣ ውሃ አያያዙን ለአዲሶቹ እንዲያስተምሩ በየመንደሩ ሁለት ሁለት ቤተሰብ ቀርቶ ነበር ይላል። እነዚያን ቤተሰቦች ደጋግሜ አሰብኳቸው። ዘመዱ ሁሉ ተግዞ፣ እሱ የአባቱን ቦይ ለማያውቀው ሰው ሲያሳይ። ምን እያለ ያሳያል?

ከሁሉ የገረመኝ ላይኛው ቦይ ነው። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃውን ወደ ማሳ አይወስዱትም። ከፍ ብሎ በተራራው ወገብ ዙሪያ ይወስዱትና ውሃ በሚመጥ መሬት ላይ ይለቁታል። ውሃው ወደ ተራራው ሆድ ሰርጎ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ በጋው ሲከር፣ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተራራውን ጎተራ አደረጉት ማለት ነው። ሰው ወደ ከተማ ሲፈልስ ብዙዎቹ ቦዮች ተደፍነው ነበር። አሁን የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከገበሬዎችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው አካፋ ይዘው እየጠረጓቸው ነው። የተራራው ከፍተኛ ክፍል ከ1999 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ለእኔ ግን ቦዩም እንደ ዛፉ፣ እንደ አውሬው ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ያ ሁሉ አረንጓዴ በእሱ የቆመ ነው።

ስንመለስ ቋጥኝ ላይ የተራራ ፍየሎች አየን፤ የኛ ዋሊያ ዘመድ ናቸው። ቀና ብለው አዩንና ግጦሻቸውን ቀጠሉ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሽማግሌውን፣ ዶማቸውን፣ ተራውን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

"የአባዬ ተራ ሐሙስ ሌሊት ነበር" አለችኝ። "እኔ ነበርኩ ፋኖሱን የምይዝላቸው።" ከዚያ "እነሱ ምን ይተክላሉ?" አለች።

"ድንች፣ ባቄላ፣ ቲማቲም" አልኳት። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁላት፤ ውሃውን እንድትሰማው።

"ይሰማል" አለችኝ። "ይሰማል፣ ልጄ።"