አጭር ሰው፣ ረጅም ጀርባ

የምሠራው ጀርመን ውስጥ የእግር ጉዞ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ነው። ድንኳን፣ ጫማ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የዝናብ ልብስ። ሙቀቱ ሲመጣ ብዙው ደንበኛ የሚያወራው ስለ አንድ መንገድ ነው፤ ስፔን ውስጥ ስላለው የሳንቲያጎ መንገድ። መንገዱ የሚያበቃበት ካቴድራል የሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ፣ የዘብዴዎስ ልጅ፣ ዐፅም ያረፈበት ነው ተብሎ ስለሚታመን ሰው በእግሩ ይሄዳል። የታወቀው መስመር ከፈረንሳይ በኩል ተነስቶ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አቅምና ፈቃድ ያጠረው ከመሀል ይጀምራል።

ባለፈው ሐምሌ አንዲት ሐበሻ እናት ወደ ሱቁ ገቡ። ጀርባቸው ላይ አዲስ ቦርሳ አለ። የፈለጉት ለቦርሳው የዝናብ ሽፋን ብቻ ነው። ሐበሻ መሆኔን ሲያውቁ ግን ወሬው ቀጠለ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ከጀርመን የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር እዚያው ስፔን ካለችው ከሌዎን ከተማ ተነስተው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄዱ ነው።

«ማዘር፣ ይከብድዎት የለም?» አልኳቸው።

«አቦ ተወኝ! እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ቁልቢ ገብርኤል በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ያኔ ማን ቦርሳ ነበረው?»

እውነታቸውን ነው። ግን ሲያወሩ እጃቸው ማንገቻው ስር እየገባ ትከሻቸውን ያሻሻል። የወገብ ቀበቶው ደግሞ ወገባቸው ላይ አይደለም። ከእምብርታቸው በላይ ወጥቶ ሆዳቸውን ጠፍንጎታል። በዚህ ሁኔታ ቀበቶው ጌጥ ነው። ሸክሙ በሙሉ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ቦርሳውን የገዛላቸው ልጃቸው ነው፣ በኢንተርኔት። እናቴ አጭር ናት ብሎ ትንሹን ቁጥር አዘዘ። ባልደረባዬም ከሩቅ አይቶ «ልክ ነው፣ ለአጭር ሴት ትንሹ ነው» አለኝ። ባልደረባዬ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት ነው። ሱቁ ውስጥ ከእኔ በፊት የቆየም እሱ ነው።

ክርክር አልወድም። የልብስ ሰፊ ሜትር ከመሳቢያ አወጣሁና «ማዘር፣ አንገትዎን ወደ ፊት ደፋ ያድርጉልኝ» አልኩ። አንገት ሲደፋ ከማጅራት ስር አንድ አጥንት ጎላ ብሎ ይወጣል። ልኬቱ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ እጃቸውን ዳሌያቸው አጥንት ጫፍ ላይ እንዲያሳርፉ አደረግኩ፣ አውራ ጣት ወደ ኋላ። ሁለቱ አውራ ጣቶች የሚተያዩበት መስመር አከርካሪውን ሲያቋርጥ እዚያ ነው መጨረሻው። ሜትሩ የጀርባውን ጉብታና ስርጉድ ተከትሎ ይወርዳል እንጂ እንደ ገመድ አይወጠርም። 46 ሳንቲ ሜትር።

ቀጥዬ ባልደረባዬን ጠራሁት። እየሳቀ መጣና ጀርባውን ሰጠኝ። 47።

ሳቁ ቆመ። እንደገና ለካኝ አለ፣ ለካሁት። ያው ነው። የሱ ርዝመት እግሩ ላይ ነው፤ የእሳቸው እጥረትም እዚያው እግራቸው ላይ። ቦርሳው ደግሞ እግርን አይነካም።

እኔ ደንበኛ ሲገባ ቁመቱን አይቶ ቁጥር የሚናገር ሻጭ አላምንም። ጫማ እንኳን በዓይን አይሸጥም።

ቀጥሎ ሚዛኑ መጣ። ለሙከራ ብለው ሞልተውት ስለነበር ሰቀልነው፤ 11 ኪሎ። እሳቸው 60 ኪሎ አይሞሉም። በዚህ መንገድ ላይ ሰዉ የሚመክረው ሸክሙ ከተሸካሚው ክብደት አንድ አሥረኛ አካባቢ እንዲሆን ነው። ሕግ አይደለም፣ ግን ጉልበት ያውቀዋል። አንድ ሊትር ውኃ ብቻውን አንድ ኪሎ ይጨምራል።

ባንኮኒው ላይ ዘረገፍነው። ጋቢ ወጣ። ሁለት ጂንስ ወጣ። በትልቅ ሃይላንድ ጠበል። ሽሮና በሶ፤ «ፍልሰታን እዚያ ነው የምጾመው፣ ስፔን የአሳማ ጃምቦን እንጂ ምን አላት» አሉ። በፌስታል የተጠቀለለ ድንጋይ ወጣ። ሰባት መቶ ግራም።

ድንጋዩ ምክንያት አለው። ከፎንሴባዶን መንደር ከፍ ብሎ፣ 1500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ረጅም ግንድ ጫፍ ላይ የቆመ የብረት መስቀል አለ። ተሳላሚው ከቤቱ ያመጣውን ድንጋይ መስቀሉ ስር ይጥላል። ለቁልቢ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚያም ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ ሞልቷል። ግን ሰዉ ብዙውን ጊዜ ጠጠር ነው የሚይዘው። «ትንሽ ቢያሳንሱትስ?» አልኳቸው።

«የኔ ኃጢአት ጠጠር አይበቃውም» አሉ።

ድንጋዩ አብሯቸው እንዲሄድ ሆነ። ጋቢው በነጠላና በቀጭን የመኝታ ከረጢት ተተካ፤ ነሐሴ ነው፣ ይበቃል። ጂንሱ ወጣ፣ ጠበሉ በትንሽ ብልቃጥ ሆነ። ሽሮውን አልነካሁም። ስድስት ተኩል ኪሎ ላይ ደረስን።

አሁን ነው ቦርሳ የሚመረጠው። ዕቃው ሳይታወቅ ቦርሳ መግዛት የተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቅ ቦርሳ ሁልጊዜ የሚገባበት አያጣም። 38 ሊትር የሚይዝ፣ ጀርባው ከፍና ዝቅ የሚል አወረድኩ። ማንገቻው የሴት ነው፤ ጠበብ ያለና ከደረት ወደ ጎን የሚታጠፍ ስለሆነ ብብት አይቆርጥም። ማሰሪያውን በሙሉ አላላሁ። ከዚያ በተራ፦ መጀመሪያ የወገቡ ቀበቶ፣ የዳሌው አጥንት የቀበቶው ስፖንጅ መሀል ላይ እስኪያርፍ። ቀጥሎ ማንገቻው፣ ትከሻ እስኪነካ ብቻ። ከትከሻ በላይ ያሉት ትንንሽ ጠፍሮች ቦርሳውን ወደ ጀርባ ይስባሉ። የደረቱ ማሰሪያ መጨረሻ ላይ። ከባዱ ነገር፣ ድንጋዩን ጨምሮ፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ትከሻ አጥንት አካባቢ ገባ።

ሱቁን ዞሩት። ደረጃውን ወጥተው ወረዱ። ከዚያ ቆም ብለው ዳሌያቸውን መታ መታ አደረጉ።

«እንደ አንቀልባ ነዋ! ልጅም ዳሌ ላይ ካልተቀመጠ ትከሻ ይገዘግዛል። ይህን ብትለኝ ኖሮ ያን ሁሉ ሜትር ምን አስጎተተህ?»

የቸገረው ልጃቸው ነበር። ስጦታው ይመለስ ሲባል ቅር ይለዋል ብለው ተጨነቁ። እኔው ደወልኩለትና አስረዳሁት። የመመለሻው ጊዜ አላለፈም ነበር።

አለቃችን መጀመሪያ ላይ ፊቱ ጠቁሯል። ከሌላ ቦታ በተገዛ ቦርሳ አንድ ሰዓት መፍጀቴ አልተዋጠለትም። ሽያጩ ሲመዘገብ ዝም አለ። ሜትሩ ግን ከመሳቢያ ወጥቶ ቦርሳዎቹ አጠገብ ተሰቀለ፤ ማን እንደሰቀለው አልጠየቅኩም። ባልደረባዬ ደግሞ ለዓመታት የራሱን ረጅም ቁጥር ቦርሳ ተሸክሞ ትከሻዬን አመመኝ ሲል የኖረ ሰው ነው። በሠራተኛ ቅናሽ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ወሰደ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ከኋላ ሰዎች በጀርመንኛ ይሳሳቃሉ። «ልጄ፣ ትከሻዬ ደህና ነው። ድንጋዩንም ጣልኩት። ሽሮው ግን አስቶርጋ ሳንደርስ አለቀ። እነዚህ ጉዶች ጃምቦናቸውን ትተው የኔን ጨረሱት!»